የእህሉ ዋጋ ከገበያው በፊት ሲቆረጥ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው የአውድማ ወቅት ወደ አንዱ የገጠር ገበያ በማለዳ የሄደ ሰው፣ ከገበያው መግቢያ ጥቂት ራቅ ብለው መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎችን ማየቱ አይቀርም። እነዚህ ለነጋዴ የሚገዙ ደላሎች ናቸው። እህሉን በአህያ የጫነውን ወይም በጀርባው ያዘለውን ገበሬ ገና ገበያው ውስጥ ሳይገባ ይቀበሉታል። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ጤፍ ይዛ ስትደርስ የሚደረገው ንግግር በየገበያው ተመሳሳይ ነው።

«እናቴ፣ ዛሬ እህል ወድቋል። ውስጥ ገብተው ከሚንገላቱ እዚሁ ይስጡኝ።»

«ኧረ ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኮ ከዚህ የተሻለ ነበር።»

«እሱማ ባለፈው ቅዳሜ ነው።»

ሴትዮዋ ጥቂት ታቅማማለች። ሆኖም ከቀትር በፊት የብድር ተቋሙ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለባት፤ ከዚያም ለልጇ ደብተር፣ ለቤቷ ጨውና ዘይት ገዝታ ሳይመሽ መመለስ ይኖርባታል። ስለዚህ ትሸጣለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ደላላ ዐሥር ኩንታል ጤፍ ጎተራው ውስጥ ካለው ጎረቤቷ ጋር በስልክ ይነጋገራል። ጎረቤትየው «በዚህ ዋጋ አልሰጥም፤ ካልሆነ እስከ ፋሲካ ይቆይ» ይላል። ደላላው ዋጋ ይጨምርለታል፤ መኪናውንም እስከ ደጁ ይልክለታል። ጤፉ ከአጎራባች ማሳ የተወቃ፣ በዐይነቱም በጥራቱም ልዩነት የሌለው ነው።

በየሰበካው ምእመናን ስለ እህል ዋጋ ሲያማርሩ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ዘወትር የሚሰሙት «ደላላው በላን» የሚለውን ቃል ነው። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ደላላው ለሁለቱ ጎረቤታሞች ለምን ሁለት ዋጋ እንደ ሰጠ አይነግረንም። የዋጋው ልዩነት የተወሰነው መንገድ ዳር በተደረገው ክርክር ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው፤ ማን በሬ አለው፣ ማን ዕዳ አለበት፣ ማን ጎተራ አለው፣ ማን ስልክ አለው፣ ማን ብቻውን ቀረ በሚሉት ጥያቄዎች። ይህ ጽሑፍ ይህን ነገር በዝርዝር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ከጉዳዩ ውስጥ የእኛም የቤተ ክርስቲያን ልጆች ድርሻ ስላለበት እርሱንም ሳይሸሽግ ያነሣል።

ከጭሰኝነት እስከ ኮታ

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ ሲሶውን፣ በብዙ ቦታም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስረክብ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ባለ መሬት እንደ ነበረች አባቶች ያውቁታል። ከዚያ የሚተርፈውን ጥቂት እህል ጭሰኛው የሚሸጠው ለግብርና ለዕዳ መክፈያ ገንዘብ ሲያስፈልገው ነው። እህሉ ብዙ የነበረው ባለ መሬት ግን ገበያውን አይቶ፣ ወቅቱን ጠብቆ ይሸጥ ነበር። በአንድ ገበያ ሁለት ዋጋ የነበረው ያኔም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጫና መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመውና ገበሬው በአጭሩ «እርሻ ሰብል» ይለው የነበረው የመንግሥት እህል ገዢ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየደለደለ፣ ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ እህል ይሰበስብ ጀመር። የግል ነጋዴም ከአካባቢ ወደ አካባቢ እህል እንዳያመላልስ በየኬላው ይያዝ ነበር። በዕድሜ የገፉ ምእመናን ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። ኮታው የተተመነበት ነገር ግን ያን ያህል ምርት ያላገኘ ደሀ ገበሬ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ትርፍ ያመረተው ገበሬ ኮታውን ከፍሎ የቀረውን በስውርም ቢሆን በተሻለ ዋጋ ሸጧል። አንድ ዋጋ ለሁሉ የተባለው ሥርዓት እንኳ ለደሀው የባሰ ዋጋ ሆነበት ማለት ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር በመንግሥት ውሳኔ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ገበያው ነፃ ሆነ። ነፃ ገበያም የራሱ ፈተና እንዳለው በ1994 ዓ.ም. ታየ። በተከታታይ ሁለት ዓመታት ዝናቡ ሰምሮ በቆሎ ተትረፈረፈ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ ምርቱን አብዝቶ ነበር። ዋጋው ግን በአንዳንድ የበቆሎ አብቃይ አካባቢዎች በኩንታል ከ30 ብር በታች ወረደ፤ ሰብሉን ማሳ ላይ የተወም ነበር። የማዳበሪያው ብድር መክፈያ ጊዜ ግን ዋጋ ወረደ ብሎ አልተላለፈም። ብድሩን በሌላ ገቢ መክፈል የቻለ ቤተሰብ በቆሎውን አቆየ። ያልቻለው ያለውን ሁሉ በወረደ ዋጋ ሸጠ፤ አንዳንዱም በሬውን ሸጦ ከፈለ። በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ መውሰድ ፈራ። በዚያው ክረምት ደግሞ ዝናቡ ተዛባ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። እህል ማሳ ላይ በቀረበት ዓመት ማግስት የተከሰተው ይህ ችግር ጉዳዩ የምርት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ለብዙዎች አስተምሯል።

መጠበቅ የሚችልና የማይችል

የእህል ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሥርዓት ለማንም ገበሬ ምስጢር አይደለም። ከአውድማ በኋላ ሁሉም ስለሚሸጥ ይወርዳል፤ ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ ይወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከፍ ይላል። «ለምን ቆይተህ አትሸጥም?» የሚለው ምክር ለገበሬው በየስብሰባው ይሰጣል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው መቆየት ራሱ ሀብት የሚጠይቅ መሆኑን መቁጠር ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ በተወሰደ ቁጥር እንየው። ሁለት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ስድስት ኩንታል ጤፍ አገኙ እንበል። በታኅሣሥ የኩንታሉ ዋጋ 8,000 ብር፣ በሐምሌ 11,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና የእድር ውዝፍ ስላለበት በታኅሣሥ ሦስት ኩንታል ሸጦ 24,000 ብር ያገኛል። የቀረው ሦስት ኩንታል ግን ለቤተሰቡ እስከ መስከረም አያደርስም። በሐምሌ አንድ ኩንታል በ11,000 ብር መልሶ ይገዛል። ስለዚህ ከቤቱ በእርግጥ የወጣው እህል ሁለት ኩንታል ሲሆን፣ በእጁ የገባው ገንዘብ 13,000 ብር ነው። አንዱን ኩንታል በ6,500 ብር እንደ ሸጠ ይቆጠራል። ሁለተኛው ገበሬ አራቱን ኩንታል ለቤቱ አስቀምጦ ሁለቱን በሐምሌ ሲሸጥ 22,000 ብር ያገኛል። ሁለቱም እኩል አመረቱ፤ ሁለቱም እኩል ተመገቡ፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ኩንታል ለገበያ አቀረቡ። የመጀመሪያው ያገኘው ዋጋ ግን ከታኅሣሡ የገበያ ዋጋ እንኳ ያነሰ ነው። በአገራችን ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ከሚሸጡት እህል ይልቅ የሚገዙት ስለሚበዛ፣ ይህ ስሌት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ክረምት ላይ ቤቱ ባዶ የሆነበት ገበሬ ገና እሸት ሳይደርስ ከአበዳሪ ገንዘብ ወስዶ፣ በማሳው ላይ ያለውን ሰብል አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ለማስረከብ ይስማማል። እንዲህ ያለው ሰው በታኅሣሥ ገበያ የሚወጣ ነገር የለውም፤ እህሉ የተሸጠው በነሐሴ ነውና። መሬቱን በወለድ አገድ የሰጠው ደግሞ እህሉን ብቻ ሳይሆን ማሳውንም ለዓመታት ያጣል። አራጣ በአገሪቱ የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ በገጠር አራጣ የሚባለው ውል ብዙ ጊዜ በወረቀት አይሰፍርም፤ «ተረዳድተን ነው» ተብሎ ይታለፋል።

መቆየት ማስቀመጫም ይጠይቃል። ጤፍ በዚህ በኩል ለባለቤቱ ቸር ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። በቆሎና ማሽላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ በነቀዝ ይበላሉ። በቆሎ የሚያመርት ደሀ ቢታገሥ እንኳ በሐምሌ የሚያወጣው ግማሹ ዱቄት የሆነ እህል ሊሆን ይችላል። አየር የማያስገባው ሦስት ድርብርብ ከረጢት፣ ገበሬዎች ፒክስ የሚሉት፣ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ነቀዙ አየር አጥቶ ስለሚሞት መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከረጢቱ ዋጋው ከተራው ጆንያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚገዛው ብዙ ጊዜ አስቀድሞም ጎተራ የነበረው ሰው ነው።

ሚዛን፣ ቁናና ጥቂት እህል

ትንሽ እህል ይዞ የሚሸጥ ሰው በሌላም መንገድ ያጣል። ነጋዴ ዐሥር ኩንታል ከአንድ ቤት ሲጭን ድካሙ አንድ ጊዜ ነው፤ ያንኑ ዐሥር ኩንታል ከሠላሳ ሰው ሲለቅም ጊዜውን፣ የሰብሳቢውን አበልና የጫኚ አውራጁን ክፍያ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ የንግድ ሥራ ነው፤ ነጋዴውን በዚህ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። መኪናው ይሰበራል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ነዳጁ ይወደዳል፤ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስም ዋጋው ወርዶ ሊጠብቀው ይችላል።

ከዚህ አልፎ የሚመጣው መስፈሪያ ነው። ጥቂት የያዘው በቁና ወይም በጣሳ ሲሸጥ ብዙ የያዘው በሚዛን ይሸጣል። ቁናው ሲገዙበት ተከምሮ፣ ሲሸጡበት ተልጦ የሚሰፈርበት ገበያ አለ። ሚዛኑም ቢሆን የገዢው ንብረት ነው፤ ማንበብ የማይችል ሻጭ ቁጥሩን ከሌላው አፍ ይሰማል። «ለጆንያው»፣ «ለቆሻሻው»፣ «ለእርጥበቱ» እየተባለ ኪሎ ይቀነሳል። ነቢዩ አሞጽ በትንቢቱ ምዕራፍ 8 የነቀፋቸው መስፈሪያ የሚያሳንሱ ነጋዴዎች ድሆችን የሚጎዱበት መንገድ ይኸው መሆኑን ሰባክያን ያውቃሉ። ነቢዩ የተናገረው ስለ ጠቅላላው ገበያ ሳይሆን በተለይ ስለ ድሆች መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ በተዛባ ሚዛን የሚሸጠው አማራጭ የሌለው ሰው ነውና።

በሬ የሌላት፣ መሬት ያላት

በደጋው አገራችን እርሻ የወንድ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ ታበጥራለች፤ ሞፈር ግን አትይዝም። በዚህ የተነሣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ አቅመ ደካማ አዛውንት፣ እንዲሁም ጥማድ በሬ የሌለው ወጣት መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል። ከምርቱ ገና ከአውድማው ላይ ግማሹ ይሄዳል። የዘርና የማዳበሪያ ወጪ በማን በኩል እንደሚታሰብ በውሉ ካልተለየ፣ ከግማሹም ላይ ይቀነሳል። አራሹ የራሱን ማሳ አስቀድሞ አርሶና ዘርቶ፣ የእርሷን ወደ ኋላ ሲያደርገው ምርቷ ያንሳል። በክፍያውም ጊዜ አውድማው ላይ የሚቆምላት ወንድ ዘመድ ከሌላት የምትወስደውን የሚሰፍረው አራሹ ነው።

እንዲህ ዐይነቷ ሴት ገበያ የምትደርሰው ጥቂት እህል ይዛ፣ ዕዳ ይዛ፣ ብቻዋን ነው። ቀደም ብለን ያነሣናቸው ምክንያቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሱባታል። ስለዚህ «ለሴቶች የገበያ ሥልጠና እንስጥ» የሚለው አሳብ መልካም ቢሆንም ብቻውን ብዙ አይራመድም፤ ዋጋዋ የወረደው ገበያ ስለማታውቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለባልና ለሚስት በጋራ ስም መሰጠቱ ለዚህች ሴት ትልቅ ነገር ሠርቷል። ባሏ ሲሞት መሬቷን የሚነጥቃት ዘመድ አሁን ደብተሩን መፋለም አለበት። ደብተሩ ግን በሬ አይጠምድም።

ከዚህ ጋር አንድ ለማንሣት የሚከብድ ነገር አለ። በብዙ አካባቢ ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸማኔው በንቀት ስም ይጠራል፤ «ቡዳ» እየተባለም ይፈራል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የእርሻ መሬታቸው ጠባብ ነው ወይም ጨርሶ የላቸውም። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከቤታቸው የወጣ ቅቤ ወይም ወተት የሚገዛ ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋውን ሰብሮ ይገዛል። ይህ የዋጋ ልዩነት ከጥራትም ከመጓጓዣም የመጣ አይደለም፤ ከሰው አስተሳሰብ ብቻ የመጣ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ የእኛው ምእመናን ናቸው። በዚህ ረገድ ካህን በዐውደ ምሕረት የሚናገረው ቃል ገበያው ውስጥ ብር ሆኖ እንደሚታይ መዘንጋት የለበትም። ካህኑ ራሱ ከእነርሱ ቤት ገብቶ እህል ሲቀምስ ደግሞ ከስብከቱ ይልቅ ይሰማል።

ማኅበርና የምርት ገበያ የደረሱበትና ያልደረሱበት

የ1994ቱ የዋጋ መውደቅ ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው ይህ ተቋም እህልን በደረጃ መድቦ፣ በመጋዘን ተረክቦ፣ ዋጋውን ለሁሉ በግልጽ እንዲታይ አደረገ። ክፍያ የመጥፋት ስጋትም ቀነሰ። ዛሬ በዋናነት ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ይገበያይበታል። የዋጋ መረጃ በሬዲዮና በስልክ መሰማቱ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ደላላው «ወድቋል» ሲል «የት ወደቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ተፈጥሯል። ሆኖም ወደ መጋዘኑ የሚገባው እህል በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ ግማሽ ኩንታል የያዘች ሴት በቀጥታ አትደርስበትም። ወደዚያ የሚያደርሳት ሰብሳቢ ነጋዴ ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ለዚህ ችግር የተሻለው መድኃኒት እንደ ሆነ ይታመናል፤ እኛም እንዲሁ እናምናለን። በቡና አብቃይ አካባቢዎች ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ የተመሠረቱ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ በመላክ ለአባሎቻቸው የትርፍ ክፍፍል ሰጥተዋል። ነገር ግን የአገራችንን ማኅበራት የመረመሩ ጥናቶች ከገበሬው ሁሉ ደሀ የሆነው አባል የመሆን ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። አባል ለመሆን መመዝገቢያና ዕጣ መክፈል ያስፈልጋል። ማኅበሩ እህሉን ተረክቦ ገንዘቡን ከሳምንታት በኋላ ሲከፍል፣ ነጋዴው እዚያው ይከፍላል። የትርፍ ክፍፍሉ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ነው። ዛሬ ማታ ጨው የሚያስፈልገው ሰው ለዓመቱ መጨረሻ ክፍፍል አይጠብቅም። በመሆኑም ማኅበሩ የሚያስገኘውን የተሻለ ዋጋ አብዝቶ የሚወስደው ቀድሞም መጠበቅ የሚችለው ነው። ይህ የማኅበራቱን ዋጋ አያሳንስም፤ በአንድ ሰበካ ማኅበር አለና ችግሩ ተፈትቷል ብሎ መተኛት እንደማይቻል ብቻ ያሳያል።

የእኛ የቀን አቆጣጠር

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ገበሬው በታኅሣሥና በጥር እህሉን እንዲሸጥ ከሚያስገድዱት ወጪዎች መካከል ቤተ ክርስቲያንን የሚመለከቱ አሉ። በቃለ ዓዋዲው መሠረት የሚሰበሰበው የአባልነት አስተዋጽኦ፣ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን የሚጣለው መዋጮ፣ የንግሥ በዓላት ወጪ፣ በአብዛኛው እህል በገባበት ጊዜ ይጠየቃል። አሳቡ ቅን ነው፤ ሰው ያለው ያኔ ነውና። ውጤቱ ግን ምእመኑ በዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋ ሸጦ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሰበካ ጉባኤው ከዚያ ይልቅ አስተዋጽኦውን በዓይነት ቢቀበል፣ እህሉን በደኅና ቦታ አቆይቶ በሰኔና በሐምሌ ቢሸጥ፣ ምእመኑም ትንሽ እህል ሰጥቶ ይገላገላል፣ ደብሩም የተሻለ ገንዘብ ያገኛል። ይህን የሚያደርጉ አጥቢያዎች ቢጠየቁ ዋናው ችግር የሒሳብ አያያዝ መሆኑን ይናገራሉ፤ ገቢ የሆነው እህል በኪሎ ተመዝኖ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ የወጣውም እንዲሁ ካልተመዘገበ ሐሜት ይከተላል።

ተስካር ሌላው ነው። አንድ ቤተሰብ አባቱን ቀብሮ በዐርባኛው ወይም በሰማንያኛው ቀን ሰንጋ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ መንደሩን የሚያበላው በአራጣ ገንዘብ ሲሆን፣ የሚቀጥለው አውድማ እህል ከወዲሁ ተሸጧል። ለሙታን የሚደረግ ጸሎትና ቅዳሴ ሊቀር አይገባም፤ ድግሱ ግን በአቅም ልክ መሆን እንደሚችል ከንስሐ አባት በቀር በድፍረት ሊናገር የሚችል ሰው በመንደሩ የለም። ጎረቤት ቢናገረው ነቀፋ፣ ዘመድ ቢናገረው ንፍገት ይባላል።

የጾማችን ሥርዓትም በገበያው ላይ ይታያል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ይፈለጋሉ፤ በግና ዶሮ ይረክሳሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ ይወደዳሉ። በጾሙ መካከል ቀለብ ለመግዛት ብሎ በጉን የሚሸጠው ደሀ፣ ለሁለት ሳምንት ብድር ቢያገኝ ኖሮ በዋዜማው በብዙ ዕጥፍ ተደስቶ ይሸጠው ነበር። በየሰንበቴውና በየማኅበሩ የሚቀመጠው ገንዘብ ለእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ያለ ወለድ ቢሰጥ የማኅበሩን ሥርዓት አያፈርስም። ሰው እቁብ የሚገባውም ለዚሁ ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 የተጻፈው ታሪክ ይህን ሁሉ የሚመለከት ነው። ሕዝቡ እህል ለማግኘት ማሳቸውንና ወይናቸውን ማስያዛቸውን፣ ለንጉሡ ግብር መበደራቸውን ጮኸው ተናገሩ። ነህምያ በመጀመሪያ የጠራው ከሩቅ የመጣውን ነጋዴ ሳይሆን የገዛ ወንድሞቻቸው የነበሩትን መኳንንትና ሹማምት ነው፤ በጉባኤም ፊት የያዙትን እንዲመልሱ አስማላቸው። በሰበካችን ውስጥ ደላላም አለ፣ አበዳሪም አለ፣ መሬት በእኩል የሚያርስም አለ፤ ብዙ ጊዜም የሰበካ ጉባኤው አባል ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሥራውን ለመጀመር ለሚፈልግ ሰበካ ጉባኤ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን። ስብሰባው አውድማ ከመጀመሩ በፊት፣ ቢቻል በጥቅምት ይሁን፤ ዕዳ ያለባቸውን ቤተሰቦች በታኅሣሥ ማወቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ከሁሉ የሚቀርቡት የንስሐ አባቶች ናቸው፤ ሆኖም በንስሐ የሰሙትን ሳይሆን ሰውዬው ራሱ ፈቅዶ የተናገረውን ብቻ ያመጡ ዘንድ ጥንቃቄ ይደረግ። አንድ ትክክለኛ ሚዛን በጋራ ተገዝቶ ማንም ሰው እህሉን ወደ ገበያ ከመውሰዱ በፊት በነፃ የሚመዝንበት ቢሆን፣ ሻጩ ኪሎውን አውቆ ይሄዳል። ሚዛኑ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ በሰንበቴው ቤት ወይም በእድሩ ግቢ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ቅጽሩ የገበያ ቦታ እንዳይመስል። ጥቂት ጥቂት እህል ያላቸው ዐሥርና ዐሥራ አምስት ቤተሰቦች በአንድ ቀን አንድ ላይ እንዲሸጡ ማስማማት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነጋዴውም ከአንድ ቦታ ሙሉ ጭነት ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ይወደዋል።

የእህል ማከማቻ ለማቋቋም የሚያስቡ አጥቢያዎች ግን ቀስ ብለው ቢጀምሩ እንመክራለን። እህል በአደራ ተቀብሎ ለባለቤቱ የተወሰነ ገንዘብ አስቀድሞ መስጠትና ቀሪውን ከሽያጭ በኋላ ማድረስ የታወቀ አሠራር ነው፤ የሚፈርሰውም በታወቁ ምክንያቶች ነው። ነቀዝ ይገባል፤ የቅርብ ዘመድ ያለ ተራው ይበደራል፤ የተበደረው አይመልስም፤ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከሃያ ኩንታል ባይበልጥ ይሻላል። መጋዘኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈት። አንዱን ቁልፍ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ፣ ሁለተኛውን የእድሩ ዳኛ፣ ሦስተኛውን መሬቷን በእኩል ከምታሳርስ እናቶች አንዷ ትያዘው።